የጨርቅን ስም ከመጥራትዎ በፊት አገሩን ይጠይቁ

ጨርቅ ሻጭና ገዢ በዋጋ ተስማምተው በስም የሚለያዩበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ለሚዜዎቿ ልብስ የሚሆን ስስ ጨርቅ ስልኳ ላይ ያየች ሙሽራ ስሙን እንደተጻፈ አንብባ «ቮይል አላችሁ?» ስትል፣ ሻጩ የሰማው የሚያውቀው «ቬሎ» ይመስለውና የሙሽራ ቀሚስ ያወርድላታል። ጥፋቱ የእሷም የእሱም አይደለም። ስሙ ፈረንሳይኛ ነው፣ የተነበበው በእንግሊዝኛ ነው፣ የሰማው ጆሮ ደግሞ ከጣሊያንኛ የወረስነውን ቃል የለመደ ነው። የሚገርመው ቬሎም ሆነ ይህ ጨርቅ ስማቸውን ያገኙት ከአንድ የላቲን ቃል መሆኑ ነው፤ ዘመዳሞች ሆነው ሳለ ሱቅ ውስጥ ሰው ያጣላሉ።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለልብስ ሰፊዎች፣ ለጨርቅ ነጋዴዎች፣ ስለ አለባበስ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ለሚያወሩ፣ ከውጭ አገር ጨርቅ ለሚያዝዙና ልጆቻቸውን በባዕድ አገር ለሚያሳድጉ ነው። ዓላማው አንደበትዎን ፈረንሳዊ ማድረግ አይደለም። የጠሩት ስም የፈለጉትን ጨርቅ እንዲያመጣልዎ ነው። ለዚህ ደግሞ የግዕዝ ፊደል ያለው ሰው ከብዙዎች የተሻለ መሣሪያ በእጁ ይዟል፤ ወደ ኋላ እንደርስበታለን።

አንደኛ፦ ስሙ የየት አገር ሰው ነው?

የጨርቅ ስም አጠራር የሚወሰነው መለያው ላይ በታተመው ፊደል ብቻ አይደለም፤ ስሙ ከተወለደበት አገር ነው። በላቲን ፊደል «ሲ» እና «ኤች» ጎን ለጎን ሲቆሙ አንዱ ጨርቅ ላይ «ሽ»፣ ሌላው ላይ «ች» ተብለው ይነበባሉ። ሺፎን ፈረንሳዊ ስለሆነ በ«ሽ» ይጀምራል። አበባ የታተመበት የመጋረጃና የሶፋ ጥጥ የሆነው ቺንትዝ ግን ከሕንድ የመጣ ስም ነውና በ«ች» ይጀምራል። ፊደሎቹ ያው ናቸው፤ አገሩን ያልጠየቀ ሰው አንዱን ሳያበላሽ አያልፍም።

እዚህ ላይ ስለ ሺፎን አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ። ገበያችን «ሽፎን» ወይም «ሺፎን» ሲል ኖሯል፤ ትክክልም ነው። የላቲኑን ፊደል አይተው «ቺፎን ነው የሚባለው» እያሉ ነጋዴዎችን የሚያርሙ ሰዎች የተስተካከለውን እያጣመሙ ነው። እባክዎ አይስሟቸው።

አገሩን ለማወቅ ሁልጊዜ መዝገበ ቃላት መግለጥ አያስፈልግም። ብዙ ጨርቅ የከተማውን ስም ይዞ ይዞራል። ዴኒም «የኒም» ማለት ነው፤ ኒም በደቡብ ፈረንሳይ ያለች ከተማ ናት። ጂንስ የጣሊያኗን ጄኖቫን ስም ይዟል። ለሙሽራ ራስ መሸፈኛና ለልጆች ቀሚስ የሚውለው መረብ መሰል ቱል ስሙ የፈረንሳይ ከተማ ስም ነው። ሙስሊን ከኢራቋ ሞሱል፣ ዳማስክ ከደማስቆ፣ ካሊኮ ዛሬ ኮዢኮዴ ከምትባለው የሕንድ ወደብ ከካሊከት፣ ሳቲን ደግሞ አረቦች ዛይቱን ይሏት ከነበረችው የቻይና ወደብ ስም የመጡ ናቸው። ካሽሚር የካሽሚር ነው። ጀርሲ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለች ደሴት ናት።

የሰው ስም የያዙም አሉ። ጥለቱ ከራሱ ሽመና የሚወጣው ወፍራም ጨርቅ ዣካር የሚባለው በሊዮኑ ዦዜፍ ማሪ ዣካር ስም ነው፤ ሰውዬው በ1804 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በተበሳ ካርቶን የሚመራ የሽመና መሣሪያ ሠራ። ጆርጄት ደግሞ ስሙን ያገኘው ጆርጄት ደ ላ ፕላንት ከምትባል ፈረንሳዊት ልብስ ሰፊ ነው። ስሙ የማን እንደሆነ ካወቁ አጠራሩ ግማሹ ተፈቷል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራዎ ይህ ነው፦ የጨርቁን ስም ይጻፉና ጎኑ ላይ «የእኛ»፣ «የፈረንሳይ»፣ «የእንግሊዝ» ወይም «ሌላ» ብለው ምልክት ያድርጉ። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ በዚህ ምልክት ይመራል።

ሁለተኛ፦ የእኛን ስሞች ማጥበቅና ማላላት

በራሳችን ስሞች ላይ ፊደላችን አንድ ነገር ይደብቃል፤ የሚጠብቀውን ድምፅ ከሚላላው አይለይም። በአማርኛ አፉን የፈታ ሰው በልማድ ይለየዋል። አማርኛን ቆይቶ የተማረ ነጋዴ፣ ውጭ አገር ያደገ ልጅ፣ ወይም የቀረበለትን ማስታወቂያ በቀጥታ ስርጭት የሚያነብ ጋዜጠኛ ግን ይደናቀፋል።

ከሙያው ስም እንጀምር። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ የሚሰፋው ሰው ነው። «ፊ» ሲጠብቅ፣ ማለትም «ሰፍ-ፊ» ሲባል፣ ጠባብ ያልሆነ ማለት ነው። «የሴት ልብስ ሰፊ» የሚል ጽሑፍ ሲያዩ ያላሉት፤ ባለሙያውን ነው የሚያስተዋውቀው። «ሰፊ የሴት ልብስ» ከሆነ ያጥብቁት፤ ልብሱን ነው የሚገልጸው። በጽሑፍ ላይ የሚለያቸው የቃላቱ ቅደም ተከተል ብቻ ነው፣ ስለዚህ ድምፅ ከማውጣትዎ በፊት ሐረጉን እስከ መጨረሻው በዓይንዎ ይዝለቁት።

የሚጠብቀውን ለማግኘት ቃሉን በእጅዎ እያጨበጨቡ ይክፈሉት። ድምፁ የፊተኛውን ጭብጨባ ዘግቶ የኋለኛውን የሚከፍት ከሆነ ይጠብቃል። ሸማ «ሸም-ማ» ነው፤ ሸማኔም «ሸም-ማ-ኔ»። ነጠላ ግን «ነ-ጠ-ላ» ነው፣ አንድም የሚጠብቅ ፊደል የለበትም። «ነጠለ» የሚለው ግስ ጠን ስለሚያጠብቅ ስሙንም አብሮ ማጥበቅ አይገባም። «ፈተለ»ም እንዲሁ ነው፤ ግሱ «ፈት-ተ-ለ» ብሎ ያጠብቃል፣ ከእሱ የወጣው «ፈትል» ግን ላልቶ ይነበባል። ጋቢ ላላ ነው፤ ጥበብና ጥለትም ላላ ናቸው። እጀ ጠባብ ላይ ደግሞ ሁለት የሚጠብቁ ድምፆች አሉ፦ «እጅ-ጀ ጠብ-ባብ»። ስለዚህ «ጥበብ ያለው እጀ ጠባብ» የሚለውን ሐረግ ደጋግመው ካሉት የሚላላውና የሚጠብቀው «በ» ጎን ለጎን ተሰልፈው ይሰሙዎታል። ለመለማመጃ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ከጨርቁ ስም ጋር የሚሄዱ ቅጽሎችንም አይርሱ። ነጭ ሲባል የመጨረሻው ጭ ይጠብቃል፤ ቀጭንም «ቀጭ-ጭን» ነው። «ነጭ ቀጭን ፈትል» የሚለውን ሁለቱን አጥብቆ ሦስተኛውን አላልቶ ያነበበ ሰው ደህና አንባቢ ነው። አንዳንድ መዛግብተ ቃላት በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ ያደርጋሉ። እርስዎም በሚያነቡት ወረቀት ላይ በእርሳስ እንዲሁ ያድርጉ፤ ጊዜው የደቂቃ ነው፣ ከቀጥታ ስርጭት ስሕተት ግን ያድናል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጉሮሮን የሚጠይቀው ነው። የጨርቅ ቃሎቻችንን አንድ ጊዜ ደርድረው ይዩአቸው፦ ጥጥ፣ ጨርቅ፣ ጣቃ፣ ጥልፍ፣ ጥለት፣ ነጠላ፣ ቀሚስ። ጠ፣ ጨ እና ቀ የሌለበት የለም ማለት ይቻላል። እነዚህን ድምፆች እንግሊዝኛም ሆነ ዛሬ የሚነገረው ዕብራይስጥ አያውቃቸውም። በዋሽንግተን አካባቢ ወይም በቴል አቪቭ የሚያድግ ልጅ ጥጥን «ትት»፣ ቀሚስን «ከሚስ» ቢል ከስንፍና አይደለም፤ በየቀኑ የሚሰማው ቋንቋ ጉሮሮውን አላስለመደውም።

ልጅን ለማስተማር እንዲህ ያድርጉ። ትንፋሹን እንዲይዝ ይንገሩት፤ ልክ ውኃ ውስጥ ሊጠልቅ ሲል እንደሚያደርገው። ትንፋሹን እንደያዘ «ጥ» እንዲል ይጠይቁት። ድምፁ ይወጣል፣ ምክንያቱም «ጥ» የሚፈነዳው ተዘግቶ ባለው ጉሮሮና በምላሱ መካከል በታመቀው አየር ነው። አሁን ትንፋሹን እንደያዘ «ት» እንዲል ይጠይቁት፤ «ት» የሳንባ ትንፋሽ ስለምትፈልግ አትወጣለትም። ልጁ ልዩነቱን በገዛ ጉሮሮው ካገኘ በኋላ «ጥጥ»፣ «ጣቃ» እያሉ ይቀጥሉ። «ጨርቅ» መጨረሻው ላይ ሁለት ድምፆች ስለሚጣበቁ ይከብዳል፤ ከኋላ ወደ ፊት ይገንቡት፦ መጀመሪያ «ቅ»፣ ከዚያ «ርቅ»፣ በመጨረሻ «ጨርቅ»። «ጨሪቅ» ካለ «ር»ን አናባቢ ሳያስከትል እንዲዘጋት ይንገሩት።

ውጭ ያሉ ልጆች ሌላም እንቅፋት አለባቸው። የአገር ልብስ በኢንተርኔት ሲሸጥ ስሙ በላቲን ፊደል ይጻፋል። ጽሑፉ ኧን በ«ኢ» ፊደል፣ ሳድስን በ«አይ» ፊደል ስለሚተካ ልጁ ነጠላን «ኔቴላ»፣ ጥበብን «ቲቤብ»፣ ቀሚስን «ኬሚስ» ብሎ ያነባል። ከዚያ ጽሑፍ ትክክለኛውን ድምፅ ማግኘት አይቻልም። ልጁ ፊደል ባይቆጥርም እንኳ እነዚህን ጥቂት ስሞች በግዕዝ ፊደል ጽፈው ማቀዝቀዣው ላይ ይለጥፉለትና እርስዎ እየጠሩ ያሳዩት።

የእኛ በሆኑት ስሞች ውስጥ ድሮ ከውጭ መጥተው የቀሩ አሉ። ሱፍ ከዓረብኛ ነው፤ ማሊያ ከጣሊያንኛ፤ ነጭ ስስ ጥጥ የሆነው በፍታ ከፋርስኛ። አቡጀዲ የሚሉም አቡጀዴ የሚሉም አሉ፣ በሁለቱም ይግባባሉ። ግምጃ ዛሬ ሱቅ ውስጥ ብዙም አይጠራም፤ ግምጃ ቤት በሚለው ስም ግን ይኖራል። እነዚህን ወደ ጥንት አገራቸው አጠራር ለመመለስ አይሞክሩ። ሱፍን እንደ ዓረብ፣ ማሊያን እንደ ጣሊያን ቢጠሩ የሚያመሰግንዎ የለም። አማርኛ ናቸው፣ እንደ አማርኛ ይጥሯቸው።

ሦስተኛ፦ የፈረንሳዩን ስም በግዕዝ ፊደል ይጻፉት

አሁን ወደ መሣሪያችን ደረስን። በጨርቅ ስሞች ውስጥ ሰውን ከሁሉም በላይ የሚያስቸግሩት የፈረንሳይ ስሞች ናቸው፣ ምክንያቱም የሚጻፈውና የሚነገረው ይራራቃል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች እነዚህን ስሞች በራሳቸው ፊደል ለማስረዳት ሲቸገሩ እኛ አንድ ሆሄ ጽፈን እንገላገላለን።

በፈረንሳይኛ «ኦ» እና «አይ» የተባሉት የላቲን ፊደላት ጎን ለጎን ሲቆሙ «ዋ» ተብለው ከፊታቸው ካለው ድምፅ ጋር ይጣበቃሉ። ይህ ደግሞ ቷ፣ ሟ፣ ሷ የሚሉት ሆሄዎቻችን ሥራ ነው። በላዩ ሞገድ የሚመስል ጥላ ያለበት አብረቅራቂ ጨርቅ «ሟሬ» ነው። በነጭ ላይ በአንድ ቀለም የገጠር ሥዕል የታተመበት ጨርቅ «ቷል» ነው። ለሙሽራ ልብስ የሚውለው ድፍን የሐር ጨርቅ «ፖ ደ ሷ» ይባላል። መግቢያችን ላይ ያጣላን ስስ ጨርቅ በፈረንሳይ አጠራር «ቯል» ነው፤ እንግሊዞች ግን «ቮይል» ይሉታል፣ እሱም ያስኬዳል። ስሙን አንዴ በግዕዝ ፊደል ከጻፉት ማንም አማርኛ አንባቢ ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ በትክክል ይጠራዋል።

ዠም ሌላ ሀብታችን ናት። «ዥጉርጉር» የሚል አፍ «ዣካር» ለማለት አይቸገርም። ፈረንሳዮች የመጨረሻዋን «ድ» ስለማያወጡ «ዣካር» ይላሉ፤ እንግሊዞች «ጃካርድ» ይላሉ። ጆርጄትም በፈረንሳይ አፍ «ዦርዤት» ነው። ሁለቱም አጠራር ትክክል ነው፤ ግማሹን ከአንዱ ግማሹን ከሌላው ወስዶ «ዦርጄት» ማለት ግን የትም አይሰማም።

የፈረንሳይን ስም ሲጽፉ ሦስት ነገሮችን ያረጋግጡ።

መጨረሻ ላይ ያለች የላቲን «ኢ» ፊደል ጭረት ካልተደረገባት ድምፅ የላትም። ቱል፣ ክሬፕ፣ ባቲስት፣ ቷል በላቲን ሲጻፉ ሁሉም በእሷ ይጨርሳሉ፤ ሲነገሩ ግን የለችም። «ቱሌ» ወይም «ክሬፔ» ካሉ የጨርቁ ስም ይለወጣል። አናቷ ላይ ጭረት ካለባት ግን «ኤ» ተብላ በግልጽ ትወጣለች፦ ወርቅማና ብርማ ክር ያለበት ላሜ፣ የኮሌታ ቲሸርት የሚሠራበት ፒኬ፣ ጥምዝምዝ ክር የሚታይበት ቡክሌ፣ ሽንሽን ያለው ፕሊሴ፣ ከላይ የጠቀስኩት ሟሬ። የኢንተርኔት ሻጮች ጭረቷን እየተዉ ስለሚጽፉ ይጠንቀቁ። በጽሑፉ ላይ ጭረት ስላላዩ ብቻ «ላም» ወይም «ፒክ» አይበሉ።

ተነባቢ ፊደል መጨረሻ ላይ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ከፋይ የሚመስለው ለስላሳ ጨርቅ በላቲን ፊደል መጨረሻው ላይ «ኤስ» ኖረውም አልኖረውም «ቨሉር» ነው። በክር ጥልፍልፍ የሚሠራው ትሪኮ ሲጻፍ «ቲ» አለችው፤ ሲነገር ግን የለችም።

«ሲ-ኤች» በፈረንሳይ ስም ላይ «ሽ» ነው። ሺፎንን አይተናል። ጂንስ የሚመስለው ቀለል ያለ የሸሚዝ ጨርቅ «ሻምብሬ» ነው። አባ ጨጓሬ የሚመስል ጠጉራም ክር ያለው «ሽኒል» ይባላል፤ በእርግጥም በፈረንሳይኛ የትሉ ስም ነው። ለቀሚስ የሚሆነው ቀላል ጨርቅ «ሻሊ» ደግሞ ከሁሉ ያታልላል፤ መጨረሻው ላይ «ኤስ» ተጽፎ እያለ አሜሪካኖች ሳይጠሩት ያልፉታል።

የፈረንሳይን የአፍንጫ «ን»ና የቱልን ጠባብ «ኡ» ለማውጣት አይጨነቁ። ሺፎን ላይ የእኛ «ን»፣ ቱል ላይ የእኛ «ቱ» በቂ ናቸው፤ እንግሊዞችም ከዚህ የተሻለ አያደርጉም።

አራተኛ፦ በእንግሊዝኛ ሲጠሩ ከባዱን ክፍል ይፈልጉ

አማርኛ የቃሉን ክፍሎች በእኩል ክብደት ይጠራል ማለት ይቻላል። እንግሊዝኛ አንዱን ያገንናል፣ ሌሎቹን ያኮማትራል። ስለዚህ እያንዳንዱን ድምፅ በትክክል አውጥተውም በስልክ የማያስተውሉዎ ጊዜ አለ፤ የሚሰማው ሰው የሚጠብቀው ከባዱን ክፍል ነው።

ዴኒም፣ ሳቲን፣ ቪስኮስ፣ ዳማስክና ታፍታ የመጀመሪያው ክፍላቸው ይገንናል። ኦርጋንዛ መሃሉ፦ ኦር-ጋን-ዛ፣ «ጋን» ትጎላለች። ፓሽሚናም መሃሉ ላይ «ሚ» ትጎላለች። ጋባርዲን፣ ቨሉር፣ ጆርጄትና ባቲክ መጨረሻቸው ይከብዳል። ፖሊስተርን ብዙዎቻችን «ፖ» ላይ እናከብደዋለን፤ እንግሊዝኛው ግን «ፖሊ-ኤስ-ተር» ነው፣ ክብደቱም «ኤስ» ላይ ነው። ሺፎንን አሜሪካኖች መጨረሻው ላይ፣ እንግሊዞች መጀመሪያው ላይ ያከብዱታል። ከባዱን ክፍል በወረቀትዎ ላይ ያስምሩበትና ሲጠሩ ድምፅዎን ከፍ፣ ጊዜውንም ረዘም ያድርጉት። የቀሩትን ክፍሎች ደግሞ ወደ ሳድስ ወይም ወደ ኧ ያስጠጓቸው፦ «ኮተን» እንጂ «ኮቶን» አይደለም፤ «ሊነን» እንጂ «ሊኔን» አይደለም። ሳድስና ኧ በአፋችን ስላሉ ይህ ለእኛ ቀላል ነው።

«ኤስ» ሆና ተጽፋ «ዝ» የምትባልባቸው ጥቂት ስሞች አሉ። እንግሊዞች ሙስሊንን «መዝሊን»፣ ጀርሲን «ጀርዚ» ይሏቸዋል። አገር ውስጥ ሙስሊንና ጀርሲ ብለው ይቀጥሉ፤ ለንደን ሲደውሉ ግን «ዝ»ዋን ያስታውሱ። ካሬ ካሬ መሥመር ያለው የጠረጴዛ ልብስና የሸሚዝ ጨርቅ «ጊንገም» ነው፤ የሚጀምረው በ«ጊ» እንጂ በ«ጂ» አይደለም፣ መሃሉ ላይ የተጻፈው «ኤች»ም አይነበብም።

ስ ቀድማ ሌላ ተነባቢ ሲከተላት ከፊቷ «እ» የማስገባት ልማድ አለን፤ ስፖርትን «እስፖርት» እንደምንለው። ስዌድና ስፓንዴክስ ላይ ያችን «እ» ይተዉ። «ስስስ» ብለው ጎትተው ወደ «ዌድ» ይግቡ፤ ጥቂት ጊዜ ከደጋገሙት «እ»ዋ ትጠፋለች። ስዌድ፣ ሳይረሳ፣ በፈረንሳይኛ የስዊድን ስም ነው።

ከእስያና ከአፍሪካ የመጡት ስሞች ቀላል ናቸው፤ አብዛኞቹ እንደተጻፉ ይነበባሉ። የጋናው ኬንቴና የምሥራቅ አፍሪካው ኪቴንጌ መጨረሻቸው ላይ ያለችው «ኤ» ሙሉ በሙሉ ትወጣለች። ስዋሂሊ ከመጨረሻው በፊት ያለውን ክፍል ስለሚያከብድ ኪቴንጌ ላይ «ቴን» ትጎላለች።

አምስተኛ፦ ማን እየሰማዎ ነው?

ትክክለኛ አጠራር አንድ ብቻ አይደለም፤ እንደ አድማጩ ይለያያል። መርካቶ ከሆኑ የመርካቶን ስም ይጥሩ። ከፋይ እያለ «ቬልቬት» ማለት የሚጠቅመው የውጭ አገር ሻጭ ፊት ሲቆሙ ብቻ ነው። እናትዎ ፊት ከፋይ ይበሉ፤ ጨርቁ በዓይናቸው የሚመጣው በዚያ ስም ነው። ሽሮ ሜዳ ሲሄዱ ደግሞ ሸማኔው የሚጠራበትን ስም አዳምጠው ያንኑ ይመልሱለት። እዚያ ካሉት ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ የመጡ ናቸው፤ ለፈትሉም ለጥለቱም ከእርስዎ የበለጠ ብዙ ስም ያውቃሉ፣ ሲጠየቁም ደስ ይላቸዋል።

ሁለት ስሞች ድንበር ሲሻገሩ ትርጉማቸው ይለወጣልና ልብ ይበሉ። እኛ ዳንቴል የምንለው በእጅ የሚሠራውን ነው። ቃሉ ፈረንሳይኛ ስለሆነ ፓሪስ ውስጥ ቢጠሩት የሚያመጡልዎ ማንኛውንም ዓይነት ሌስ ነው፤ ለንደንና ዋሽንግተን ደግሞ ቃሉን አያውቁትም፣ «ሌስ» ይበሉ። ጀርሲም እንግሊዝኛ ተናጋሪ ዘንድ ጨርቁም የኳስ ማሊያውም ነው። ለቀሚስ የሚሆን ጀርሲ ሲፈልጉ «ጨርቅ» የሚለውን ቃል ከኋላው ካልጨመሩ የክለብ ማሊያ ሊያሳዩዎ ይችላሉ።

የሰሙትን ስም ካላወቁት ሻጩ ፊት ደግሞ መጠየቅ ይቀላል፦ «እንዴት ነው የምትጠሩት?» ይበሉ። ይህ ጥያቄ ከሻጩም ከገዢውም በኩል ሊመጣ ይገባል። ሻጭ ሆነው የደንበኛዎን አጠራር ሰው ፊት ከማረም ይልቅ ጣቃውን አውርደው እያሳዩ ስሙን በትክክል ይጥሩት፤ ደንበኛው ሳያፍር ይይዘዋል።

ስድስተኛ፦ ደብተር ይያዙ

ልብስ ሰፊ ከሆኑ ቁርጥራጭ ጨርቅ አያጡም። አንድ ደብተር ይግዙና በእያንዳንዱ ገጽ ላይ የጨርቁን ናሙና በስቴፕለር ያያይዙ። ከናሙናው ጎን ስሙን በጨርቁ ጠርዝ ወይም በመለያው ላይ እንደታተመው በላቲን ፊደል አንድም ሆሄ ሳይለውጡ ይገልብጡ፤ ለውጭ አገር ሻጭ መልእክት ሲጽፉ የሚያስፈልግዎ ይህ ነው። ከሥሩ በግዕዝ ፊደል አጠራሩን ይጻፉ፦ የሚጠብቅ ካለ ነጥብ ያድርጉበት፣ ከባድ ክፍል ካለ ያስምሩበት። ፈረንሳይኛውና እንግሊዝኛው ከተለያዩ ሁለቱንም፣ የገበያው ስም ከሁለቱም ከተለየ ሦስቱንም ይጻፉ። የማያውቁት ስም ሲገጥምዎ በስልክዎ ድምፅ ያለው መዝገበ ቃላት ከፍተው ያዳምጡና የሰሙትን ሳይረሱት በፊደል ይያዙት። ከዚያ ራስዎን ቀድተው ከመዝገበ ቃላቱ ድምፅ ጋር ያስተያዩት።

ስሙን ከጻፉ በኋላ አንድ ጥያቄ ይቀራል። ሳቲን፣ ሺፎን፣ ክሬፕ፣ ዣካርና ቨሉር የሚነግሩዎት ጨርቁ እንዴት እንደተሠራ ነው እንጂ ከምን እንደተሠራ አይደለም። ሳቲን ከሐርም ከፖሊስተርም ይሠራል፤ ሲነኩት፣ ሲታጠብና ሲተኮስ ግን የሁለቱ ጠባይ በጣም ይለያያል፣ ዋጋውም እንደዚያው። በአንጻሩ ጥጥ፣ ሐር፣ ሱፍ፣ ቪስኮስና ፖሊስተር የጥሬ ዕቃው ስም ናቸው። ስለዚህ በደብተርዎ ላይም በአፍዎም ሁለቱን ስም አጣምረው ይያዙ፦ «የሐር ሳቲን»፣ «የፖሊስተር ክሬፕ»፣ «የጥጥ ቯል»። ስልክ ደውለው ሲያዝዙ መጀመሪያ የጥሬ ዕቃውን፣ ቀጥሎ የአሠራሩን ስም ይጥሩ፣ ሻጩ መልሶ እንዲጠራልዎ ይጠይቁ፣ ሁለቱም ስም በትክክል ተመልሶ ከሰሙ በኋላ ሜትሩን ይንገሩት።